ጠጋኙ ሲኖር ብቻ የምትሠራው ሳጥን

ጠጋኙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለስምንተኛ ጊዜ ተጠርቶ ሲመጣ፣ የጥርስ ሐኪሟ ጓንታቸውን እንኳ ሳያወልቁ በሩ ላይ ጠበቁት።

«ስማ ልጄ፣ ዛሬ ካልተስተካከለች ነቅዬ እጥላታለሁ። ያለ ማደንዘዣ!»

ከመጠበቂያ ክፍሉ ቴሌቪዥን ጀርባ መዳፍ የምታክል ማጫወቻ ሳጥን አለች። እሱ በጻፈላት የትእዛዝ ዝርዝር፣ በስክሪፕቱ፣ እየታዘዘች፣ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የትናንቱን ቪዲዮ አጥፍታ አዲስ ታወርዳለች። ኪቦርዱን ሰክቶ ስክሪፕቱን ራሱ ሲያስኬደው ጨዋ ናት። ዞር ሲል ደርቃ ትቀራለች። ባሕር ማዶ ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ አገሩ ተመልሶ በዚህች ሳጥን መዋረዱ አንጀቱን አሳርሮታል። መማሩንም መመለሱንም መጠራጠር ጀምሯል። ሳጥኗ ከተጣለች ደግሞ እዚህ ቤት የሚመጣበት ሰበብ የለውም፤ ተራ ሰጪዋ፣ የሐኪሟ የእህት ልጅ፣ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ የምታየው አስተያየትም አብሮ ይቀርበታል።

ኪቦርዱን ሰክቶ ስክሪፕቱን አስኬደው። «ይኸው፣ ሠራች!» አለ ተናዶ።

«አንተ ስላለህ ነዋ!» አለች ተራ ሰጪዋ። «እስኪ ሳትነካት ትሥራ።»

«መቼ ነካኋት?»

«ትነካታለህ እንጂ! ሁልጊዜ መሃል ላይ በትንሿ ጣትህ አንዲት ቁልፍ ጠቅ ታደርጋለህ።»

ስክሪፕቱን እንደገና አስነስቶ እጁን ኪሱ ከተተ። የጽሑፉ መዓት ቴሌቪዥኑ ላይ ወርዶ ወርዶ አንድ መስመር ላይ ቆመ፤ «ፋይሉ ይጥፋ?»

ለካ ስክሪፕቱ አጥፊ ብሎ ሲያዛት፣ ሳጥኗ ፈቃድ ትጠይቃለች። የእሱ ጣት በዓመታት ልማድ ሳያስተውለው «አዎ» ይላታል። እሱ ሲሄድ መላሽ የለም።

ትእዛዙ ላይ «ሳትጠይቂ አጥፊ» የሚል ትርጉም ያላት አንዲት ፊደል ጨመረ። አለቀ። ያ ሁሉ መከራ ለአንዲት ፊደል!

«ጣቴን እንዴት አየሽው?»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ምን ሳይ ነበር?» አለችና አቀርቅራ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረች።

ኪቦርዱን ነቅሎ ገመዱን ጠቀለለ።

«እንግዲህ… ከአሁን ወዲህ አትቆምም። እኔም መመላለስ የለብኝም።»

«ወይ ፈጣሪዬ!» እስክሪብቶዋን ወረወረችው። «ያን ሁሉ ተምረህ እንዲህ ትደነቁራለህ? ሰው የሚመጣው የተበላሸ ነገር ሲኖር ብቻ ነው?»

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሳጥኗ ሥራዋን በሰላም ስትሠራ፣ ባዶ እጁን ገባ። ሐኪሟ ከውስጥ ብቅ አሉ።

«ደግሞ ምን ተበላሸ?»

«ምንም» አለ። «ከፈቀደች ምሳ ልጋብዛት ነው የመጣሁት።»

ሐኪሟ የግድግዳውን ሰዓት አዩ።

«እስከ ስምንት ሰዓት ትመለስ» አሉ በሩን እየዘጉ። «ስምንት ተኩልም ቢሆን ግድ የለም።»

ተራ ሰጪዋ ቦርሳዋን ካነገተች ቆይታለች።