የእትዬ ዘይነባ ውሃ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ቤታችንም ከጸሎት ሌላ አያውቅም፣ ሥራዬም ሞተር ስለሆነ አልነሳ ያለ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው ብዬ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ ይሄ ሰውዬ ደክሞት ነበር ብትሉ አልቀየምም፣ እውነትም ደክሞኝ ነበር።

ቡታጅራ ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ያኔ ሞባይል በከተማችን በጣት በሚቆጠር ሰው እጅ ነው፣ የቧንቧ ውሃ ደግሞ ከጠፋ ዘጠነኛ ቀኑ፣ ጄሪካን ተሸክሜ ስመላለስ ወገቤ ተቆርጧል። እንግዲህ በዚያ ሳምንት ነው ላንጋኖ ዳር ማረፊያ ያለው አንድ የአገራችን ልጅ የውሃ ሞተሩን በአይሱዙ ጭኖ መጥቶ ግቢዬ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ያስቀመጠልኝ፣ ጀት ስኪ የሚሉትን፣ ሐይቅ ላይ ተቀምጠውበት የሚነዱትን። ይነሳና ወዲያው ይጠፋል አለኝ። እንዲህ ያለውን ነክቼ አላውቅም፣ ግን እምቢ ብሎ መከራከሩም ድካም ነው፣ ተቀበልኩት።

ካንዴላውን ቀየርኩ፣ ካርብሬተሩን ፈትቼ አጠብኩ፣ ውሃ ከሚስብበት ከሆዱ ሥር አሸዋና የሐይቅ ሣር በሽቦ ጎትቼ አወጣሁ። የቀረኝ አስነስቶ መሞከር ነው፣ ችግሩ ይሄ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፣ ከሐይቅ ውጭ ሲነሳ በጎማ ቱቦ ውሃ ካልለቀቁለት ይቃጠላል፣ የለቀቁለት ውሃ ደግሞ ሞተሩን ዞሮ በኋላው ይወጣል። እኔ ውሃ የለኝም።

የጎረቤቴ የእትዬ ዘይነባ ልጅ ከወለደች ሳምንቷ ነው፣ ለአራሷና ለሕፃኑ ጨርቅ ብለው በአህያ ያስመጡት ሁለት ጄሪካን ውሃ አላቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስታመም ሾርባ ይዘው የሚመጡልኝ እሳቸው ናቸው፣ በዚህ ከተማ ከሳቸው የሚቀርበኝ ሰው የለም። ውሃው በኋላ ሲወጣ በሳፋ ተቀብዬ ከመግሪብ በፊት እመልሳለሁ፣ ለጨርቅ ማጠቢያ ይሆናል አልኳቸው። ጄሪካኖቹን አየት አደረጉና፣

«ውሰድ፣ ግን ማቲዎስ፣ አራስ ቤት ነው» አሉኝ።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ህልም ነው እል ነበር፣ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ደህና አድርጎ ተነሳ፣ ጄሪካኑን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ በጎማ ለቀቅኩለት፣ ከሳቸው የተዋስኩትን ሳፋ ከኋላ ደቀንኩ። አንዱ ጄሪካን አለቀ፣ በኋላው ጠብታ የለም። እስኪሞላ ይሆናል ብዬ፣ ያኔ ማቆም ሲገባኝ፣ ሁለተኛውን ቀጠልኩ፣ እሱም አለቀ፣ ሳፋው ደረቅ ነው። ሞተሩን አጠፋሁና ውስጡ ተጠራቅሞ እንደሆነ ብዬ የሆዱን ቡሽ ፈታሁ፣ ጣቴን ከትቼ ብዳብስ አቧራ ነው የነካሁት። መሬቱንም ዳሰስኩ። ጭራውን ከፍ አድርጌ ሞከርኩት፣ ጠዋት ከነበረው ክብደት ምንም አልጨመረም፤ አርባ ሊትር ውሃ፣ እመኑኝ፣ የትም የለም። መፍራቱ እንኳ በኋላ ነው የመጣው፣ መጀመሪያ ያሰኘኝ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ነው።

እትዬ ዘይነባ ውሃቸውን ሊወስዱ መጡ። የሆነውን ነገርኳቸው፣ ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ባዶውን ሳፋ አዩ፣ እኔን አዩ።

«የደንበኛ ሞተር አጠብኩበት ብትለኝ እኮ ይቅር እልህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ባዶዎቹን ጄሪካኖች ላቀብላቸው ጎንበስ ስል ከጠፋው ሞተር ሆድ ውስጥ ድምፅ መጣ፣ የተጠማ ሰው ውሃ ሲጎነጭ በጉሮሮው የሚወርደው ድምፅ፣ አንዴ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ከዚያ ጠጥቶ የረካ ሰው የሚያወጣው ረጅም ትንፋሽ። እትዬ ዘይነባ የሻርፓቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ምን እንዳሉ ግን አልሰማሁም። ሳፋውን ሳያነሱ ወጡ።

በማግስቱ ባለቤቱ መጥቶ ጫነው። በጥሩ ሁኔታ እየሠራ ነው ብሎም ላከብኝ። ውሃውን በሦስተኛው ቀን ከሩቅ ምንጭ ቀድቼ መለስኩ፣ እትዬ ዘይነባም መርቀው ተቀበሉኝ። ከወራት በኋላ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ደፈር ብዬ፣ «እትዬ፣ ያን ቀን ሰምተዋል አይደል?» አልኳቸው።

«ምኑን?» አሉኝ፣ ፊታቸውንም አላዞሩም።

ዛሬም ቧንቧ ሲጠፋ ውሃ አይከለክሉኝም። ብቻ ጄሪካኑን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ገልብጬ እስክጨርስ ድረስም አጠገቤ ቆመው ያያሉ፤ የሚያዩት እኔን ይሁን ውሃውን እስካሁን አላወቅኩም።