ፈረሰኛዋ የማን ናት?

ጭልፋው ድስቱን ከዳር ዳር ዞረ፤ ቆመ፤ እንደገና ዞረ። ሠርካዲስ የማድ ቤቱን በር ተደግፋ እናቷን ታያለች። ሽንኩርት የሚላጥ ቢኖር እንኳ አንገቷን ለመድፋት ሰበብ ባገኘች ነበር። ግን ወጡ ደርሷል፣ እንቁላሉ ገብቷል፣ የቀረ ሥራ የለም።

«ፈረሰኛዋ የታለች?» አለች እናቷ ሀረገወይን፣ ከራሷ ጋር እንደምታወራ ሁሉ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የበለትሻት? አሥራ ሁለቱንም ብልት ቆጥረሽ አይደል ያስረከብሽኝ?»

«ቆጥሬያለሁ።»

እውነትም ቆጥራለች። ዘንድሮ ለገና ለመጀመሪያ ጊዜ ቢላዋው ለእሷ ነበር የተሰጠው። «አሥራ አራት ዓመት ሞላሽ፤ ከእንግዲህ ዶሮ መበለት ካላወቅሽ የምታማው እኔ ነኝ» ብላ እናቷ አጠገቧ ቆማ አሳየቻት። መገጣጠሚያውን በጣት ፈልጎ ማግኘት፣ አጥንት ሳይሰብሩ መለየት፣ ውሃው ኩልል እስኪል በሎሚና በጨው ማጠብ። ታፋው፣ ቅልጥሙ፣ ክንፉ፣ መላላጫው በየተራ ወጣ። መጨረሻ ላይ ከደረቷ በኩል ፈረሰኛዋ ወጣች። ፈረሰኛ የአባወራ ናት፤ በልደታ ሰፈር ይህን የማያውቅ ልጅ የለም።

ጉዱ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። የዚህ ቤት አባወራ ማን ነው?

ሠርካዲስን ብትጠይቋት፣ አባቷ ደጉ ነው። ስምንት ዓመቷ ሳለ የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው «ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት። ያ አጭር ጥያቄ ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። ማልቀስ አልተፈቀደም፤ እናቷ የምታለቅሰው መስኮት ዘግታ ነበር፤ ድንኳን አልተጣለም፤ ጎረቤት እንኳ «እግዜር ያጥናችሁ» ለማለት ፈራ። እናቷ ግን በየገናው ፈረሰኛዋን ዳሩ ሰማያዊ በሆነው የብረት ሳህኑ ላይ አድርጋ፣ ከድና ታስቀምጥለት ነበር። «ማን ያውቃል፣ መንገድ ላይ ይሆናል» ትላለች። በማግስቱ ሞቅ አድርጋ ለሠርካዲስ ታበላታለች። ከዚያ ሌላ ስለ እሱ ወሬ የለም፤ ስሙም በዚያ ቤት ከተጠራ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ግንቦት ደግሞ ጋሽ ዓባይነህ እናቷን አገባ። አብነት ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ ሳሙና ቢፈትግ ቢፈትግ ከጥፍሩ ሥር ግሪስ የማይለቀው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሠርካዲስ ክፉ ነው ለማለት ብዙ ሞክራለች፤ አልሆነላትም። ሬዲዮኑን ጠገነላቸው። የሒሳብ ፈተና ሲደርስባት ከእሷ ብሶ ተጨነቀ። ይኸው ነው የሚያናድዳት! ክፉ ቢሆንላት እኮ በገላገላት።

ዛሬ ጠዋት እናቷ ከቅዳሴ ተመልሳ ቀሚሷን ስትቀይር፣ ሠርካዲስ ድስቱን ከፈተች። ፈረሰኛዋን በጭልፋ አውጥታ የአባቷ ሳህን ላይ አደረገች፤ ከደነችና አልጋዋ ሥር ገፋችው። ዘንድሮ ካላስቀመጠችለት ማንም እንደማያስቀምጥለት ገብቷታል። አራዳ ነኝ ብላለች፤ ግን እትዬ ወርቅአፈራሁን ረስታለች።

እትዬ ወርቅአፈራሁ የጋሽ ዓባይነህ ታላቅ እህት ናቸው። የወንድማቸውን ሚስት ሙያ ሊያዩ ከሜክሲኮ አደባባይ በእግራቸው መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። ለእሳቸው ባለሙያ ሴት የምትታወቀው በዶሮ ወጥ ነው። አንድ ብልት የጎደለባት ሴት፣ ወይ መበለት አታውቅም፣ ወይ ማድ ቤት ቁጭ ብላ ቀምሳለች። ከሁለቱም ይሰውረን!

«ኧረ ሀረገወይን፣ በመዓዛው ብቻ ልታስፈስኪን ነው እንዴ?» ሳቃቸው እስከ ማድ ቤት ተሰማ።

«መጣሁ፣ እትዬ!» አለች ሀረገወይን። ከዚያ የልጇን ፊት አየች። ቀጥሎ መደርደሪያውን አየች። የሰማያዊው ሳህን ቦታ ባዶ ነው። ሠርካዲስ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ፤ ጩኸቱን ጠበቀች። እናቷ ግን ድስቱን አንስታ ሳሎን ገባች።

ወጡ ወጣ። የእትዬ ወርቅአፈራሁ ዓይን ትሪው ላይ ከጥግ ጥግ ሮጠ።

«ፈረሰኛዋስ? ወንድሜ በቤቱ ፈረሰኛ አይበላም?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ» አለች ሀረገወይን። «ሳወጣት አጥንቷ ተሰባበረብኝና ጣልኳት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሠርካዲስ ቀና አለች። ሰፈሩ ሁሉ ለሠርግ ዶሮ ደጅ የሚጠናት እናቷ፣ ዶሮ ተበላሸብኝ አለች!

«አይ የዘንድሮ ሴት!» አሉ እትዬ።

«እኔ እንደሆንኩ ፈረሰኛ አልወድም» አለ ጋሽ ዓባይነህ ቶሎ ብሎ። «እኔ የምወደው አንገት ነው።»

«አንገት? ከመቼ ወዲህ? ለፈረሰኛ መሬት ላይ እየተንከባለልክ ስታለቅስ ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁም?»

 ጋሽ ዓባይነህ የዶሮዋን አንገት አንስቶ፣ ያንን ሥጋ የሌለው አጥንት «እሰይ፣ እሰይ» እያለ ይግጥ ጀመር። ውሸት ጨርሶ አያምርበትም። ሠርካዲስ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ አለቀ ደቀቀ። እናቷ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ የእትዬ ወርቅአፈራሁ ወሬ ማጣፈጫ ትሆናለች። ከሜዳው በኩል የገና ተጫዋቾች ጩኸት ይሰማል። ሠርካዲስ ተነሳች።

ስትመለስ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ትሪው አጠገብ አስቀመጠችና ክዳኑን አነሳች። ፈረሰኛዋ ቀዝቅዛ ቅቤው ዳር ዳሩን ረግቶባታል።

«እማዬ አላበላሸችም» አለች። «እኔ ነኝ የደበቅኳት። ሳህኑ የአባቴ ነው። ለእሱ ብዬ ነው።»

እትዬ ወርቅአፈራሁ የሚሉት ጠፋቸው፤ ይህም ራሱ አንድ ጉድ ነው። ሀረገወይን በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ጋሽ ዓባይነህ ሳህኑን ትክ ብሎ አየው። እጁን ግን አልዘረጋም።

«ስሙ ማን ነበር?» አለ።

«ደጉ።»

የሀረገወይን እንባ ዱብ ዱብ አለ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ዛሬ ግን ሊዘጋው የተነሳ የለም።

«የደጉን ድርሻ የምቀማ ሰው አይደለሁም» አለ ጋሽ ዓባይነህ። «ደግሞስ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? አስቀምጪለት።» ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

 ሠርካዲስ እንጀራ ቆረሰች፤ የፈረሰኛዋን ግማሽ ገንጥላ ጠቀለለችና ወደ አፉ ዘረጋች። ጋሽ ዓባይነህ ደንገጥ ብሎ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር በርበሬው ነው ብሎ አሳበበ።

«እሰይ!» አሉ እትዬ ወርቅአፈራሁ፣ ድምፃቸው ተመልሶላቸው። «አንድ ጉርሻ ግን ያጣላል። ድገሚው እንጂ፣ ልጄ!»

ሠርካዲስ ሳህኑን አየች። ግማሿ ፈረሰኛ አለች። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ከዚያ ፊቷ የተቀመጠላትን ቅልጥም፣ የራሷን ድርሻ፣ አነሳችና ወፍራሙን ሥጋ ልጣ መጠቅለል ጀመረች።