ነጎድጓዲት ለምን ዝም አለች

«ክፍልሽ ውስጥ ሬዲዮ ካለ ዝጊው፣ ያስተጋባል። ከማስታወቂያው በኋላ ተረኛዋ አንቺ ነሽ» አለ የስቱዲዮው ሰውዬ በስልኩ።

ተረኛዋ አንቺ ነሽ! ፈንዲሻ አልጋው ላይ ዘላ ወጣች፣ ወረደች፣ እንደገና ወጣች። ሬዲዮው ያለው እናቷ ልብስ በምትሰፋበት በሚቀጥለው ክፍል ስለሆነ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ የበሩ ስር ወተፈችው። ሰውዬው ስሟን ሲጠይቃት «የነጎድጓዲት ወዳጅ» ብላዋለች። ታዲያ ምን ትበል? እውነተኛ ስሟን ብትናገርማ አለቀላት። የምትወደውን ፊልም በዚሁ ፕሮግራም ድራሹን ያጠፋችው ሐያሲ የገዛ አክስቷ ናት!

«በያት!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ፣ ጉልበቷን እየጎሸመች። «ስልክ ልታነሺ ወጥተሽ ነበር በያት። በሕዝብ ፊት ዱቄት ትሆናለች!» ይቺ ጓደኛዋ ጠበቃ ነው የምትባለው፤ ከአስተማሪ ጋር ሳይቀር ስለምትከራከር።

«ዝም በይ፣ ይሰሙናል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። «ነጎድጓዲት» የሚባለው ፊልም ከወጣ ጀምሮ ክፍላቸው ለሁለት ተከፍሏል። ጀግናዋ ስትጮህ የሚወጣት ነጎድጓድ ነው። ቋጥኝ ታደቃለች፣ መስታወት ታረግፋለች፣ አንዴ እንዲያውም ድልድይ ሊወስድ የመጣ ጎርፍ በአንድ ጩኸት ወደ መጣበት መልሳዋለች። ኧረ ፀጉር ያቆማል! ግን የመጨረሻው ፍልሚያ ላይ፣ ሰው ሁሉ «በቃ አሁን ትጮሃለች» ብሎ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ፣ ዝም። አንድ ድምፅ የለም። ወንበዴውን በባዶ እጇ እየታገለች፣ እየወደቀች እየተነሳች ነው የምታሸንፈው። ግማሹ ተመልካች አለቀሰ። ግማሹ «ጩኺ እንጂ!» እያለ አፏጨ።

ፈንዲሻ ካለቀሱት ናት። በጣም ካለቀሱት።

ያለፈው ቅዳሜ ታዲያ አክስቷ፣ በቤት ስሟ እታለም፣ በፕሮግራሟ ላይ ፊልሙን አንድ አጥንት ሳታስቀር ሰባበረችው። «ካባ ብለው ያለበሷት አንሶላ ነው፤ የሚበረው አንሶላው እንጂ ጀግናዋ አይደለችም» አለች፣ በዚያ እንደ ማር በሚወርድ ድምጿ። «የወንበዴው ንግግር እስኪያልቅ ወንበዴው ሸበተ። የጀግናዋ ታናሽ ወንድም በየትዕይንቱ እየተነሳ ቦታ ይቀያይራል፤ ዳይሬክተሩ ልጁን የት እንዳስቀመጠው እንኳ አያስታውስም። መጨረሻ ላይስ ዝም የምትለው ለምንድን ነው? ምክንያት የለም! ደራሲውን እንቅልፍ ወስዶታል። ከአስር ሦስት ሰጥቼዋለሁ፣ እሱም ለትኬት ቆራጩ ትህትና ነው።»

በቃ፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ መግባት ቅጣት ሆነ። ረጅሙ የሚሉት ልጅ ድምጿን በስልኩ ቀድቶ በየእረፍቱ ይከፍተው ጀመር። ፈንዲሻ በሩ ላይ ብቅ ስትል «አንሶላዎች መጡ!» ይላል፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። የፊልሙ ወዳጆች ግሩፕ ውስጥ ከነበሩት ሦስቱ ሹልክ ብለው ወጡ። አንዷማ ምንም ሼም ሳይዛት «እኔም ድሮም አልወደድኩትም» አለች። እሷ እኮ ናት የነጎድጓዲትን ፎቶ የደብተሯ ሽፋን ያደረገችው!

አሁን ወደ ምስጢሩ። ፊልሙን መጀመሪያ ያየችው ከእታለም ጋር ነው፣ ለሐያሲዎች ሲታይ። መሃል ላይ የእታለም ስልክ በራ። አጎንብሳ ወጣች። ስትመለስ ወደ ፈንዲሻ ጆሮ ጠጋ ብላ «ምን አመለጠኝ?» አለቻት። ፈንዲሻ ንፍጧና እንባዋ ተቀላቅሎ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ነበርና «ምንም! እሽሽ!» አለቻት።

ምንም! ያመለጣት እኮ ዋናው ትዕይንት ነው። የልጁ ቦታ መቀያየር፣ የመጨረሻው ዝምታ፣ ሁሉም ነገር የሚፈታበት ትዕይንት!

ይሄን የነገረችው ለጠበቃ ብቻ ነው። አሁን ጠበቃ አልለቅ አለቻት።

«ያላየችውን ነው የተቸችው። አለቀ!» አለች ጠበቃ።

«አክስቴ እኮ ናት።»

«አክስትሽ ሆነች አጎትሽ፣ እውነት እውነት ነው።»

ክፋቱ እውነት መሆኑ ነው። ግን እታለም ይቺን የቅዳሜ ፕሮግራም ለማግኘት ስንት ዓመት የአየር ሁኔታ አንብባለች። «ነገ ከፊል ደመናማ» እያለች! ፈንዲሻ ትንሽ እያለች እታለም ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ወደ ጣቢያው ስትሄድ ታያት ነበር። አሁን አንድ ሰው በቀጥታ ስርጭት ላይ «ፊልሙን ሳታዪ ነው የምታወሪው» ቢላት፣ ከዚያ በኋላ ማን ያምናታል?

«እሺ አንቺ ካላልሽ እኔ ግሩፑ ላይ እለቀዋለሁ» አለች ጠበቃ። ስልኳን ዘረጋችላት። ጽፋ ጨርሳለች። «ሐያሲዋ ፊልሙን በግማሽ ጥላ ወጥታ ነበር!!! ማስረጃ አለን!!!» ይላል። አውራ ጣቷ መላኪያው ላይ ናት።

ፈንዲሻ የራሷን ስልክ በትራሱ አፈነችው። «በግማሽ ጥላ አልወጣችም! ስልክ አንስታ ተመልሳለች።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም! እዪ፣ እኔ ማሸነፍ የምፈልገው ፊልሙ አሪፍ ስለሆነ ነው። እሷ ስልክ ስላነሳች የምናሸንፍ ከሆነማ ፊልሙ የት አለ?»

ጠበቃ አውራ ጣቷን ከመላኪያው ትንሽ ከፍ አደረገች።

«ያንን ከላክሽ አሁኑኑ ስልኩን እዘጋዋለሁ፣ ማርያምን» አለች ፈንዲሻ። «ወይ እሱን ላኪ፣ ወይ እኔ ልናገር። አንዱን!»

«...ሄሎ? ሄሎ?» አለ ትራሱ።

ፈንዲሻ ስልኩን መንጭቃ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«መስመር ላይ የነጎድጓዲት ወዳጅ አለች» አለ የማሩ ድምፅ። «እንኳን ደህና መጣሽ። ወዳጅሽን ልትከላከዪላት ነው?»

«አዎ! ማለቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፕሮግራምዎን ሁሌ እከታተላለሁ። እርስዎን በጣም ነው የማደንቅዎት።»

ከተወለደች ጀምሮ አንቺ የምትላትን አክስቷን «እርስዎ» አለቻት! ጠበቃ ሳቋን ለማፈን ትራሱን ነከሰች። በዚያኛው ጫፍ ደግሞ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ የታፈነ ሳል ተሰማ። አወቀችኝ፣ አለች ፈንዲሻ በልቧ። ሞቻለሁ።

«አመሰግናለሁ እመቤት» አለች እታለም። «ቀጥዪ።»

ሞታም ቢሆን ቀጠለች። «መጀመሪያ በአንሶላው እስማማለሁ። እውነት ነው፣ አንሶላ ነው። እኔ ሁለተኛ ሳየው የልብስ መቆንጠጫው ሊታየኝ ምንም አልቀረኝም። የወንበዴው ንግግርም እሺ፣ ረጅም ነው። ልጁ ግን ቦታ የሚቀያይረው ዳይሬክተሩ ስለረሳ አይደለም። ያላዩት አድማጮች ስላሉ አንዱን ትዕይንት ልንገራቸው፣ ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«ልጁ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። በቀኙ ግድግዳ ነው። እህቱ ትመጣና በግራው ትቀመጣለች፣ ሌላ ቦታ ስለሌለ። ከዚያ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ትነግረዋለች። አይመልስላትም። ትደግመዋለች። ዞሮም አያያት! ያኔ ይገባታል። ጎርፉን የመለሰች ቀን አጠገቧ የቆመው እሱ ነበር። የግራ ጆሮው ያን ቀን ነው የጠፋው፣ በሷ ጩኸት። እንዳታዝን ብሎ ደበቃት። ለዚህ ነው እኮ እራት ላይ በሉት፣ አውቶቡስ ውስጥ በሉት፣ ሁሌ እየተነሳ በግራዋ በኩል የሚቀመጠው። ደህናው ጆሮው ወደ እሷ እንዲሆን! ስትናገር አንድ ቃል እንዳያመልጠው!»

ሳታስበው አልጋው ላይ ቆማለች።

«ታዲያ መጨረሻ ላይ ከወንበዴው ጋር የምትታገልበት ጣሪያ በሕጻናት ተሞልቷል አይደል? ብትጮህ ወንበዴው በአንዴ ይወድቃል። ግን ከዚያ በኋላ ስንት ልጅ ነው ዕድሜውን ሁሉ ወንበር ሲቀያይር የሚኖረው? ለዚህ ነው ዝም ያለችው። ኃይሏ አልቆ አይደለም! ደራሲውም አልተኛም። እሱማ ከሁላችንም በላይ ነቅቶ ነበር። ጨረስኩ።»

ጸጥ።

ሬዲዮ ላይ ጸጥታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እታለም ራሷ ነግራታለች፤ ሰው ጣቢያው የተቃጠለ ይመስለዋል። ከግድግዳው ወዲያ የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና እንኳ መንኳኳቱን አቆመ።

«አድማጮቼ» አለች እታለም በመጨረሻ። ማሩ ከድምጿ ወጥቶ የቤት ድምጿ ሆኗል። «ይቺ ልጅ የነገረቻችሁን ትዕይንት እኔ አላየሁትም። ስልክ ተደውሎልኝ ወጥቼ ነበር። ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሰው ምን አመለጠኝ ብላት፣ ምንም አለችኝ። ፊቷ ግን በእንባ ርሷል። ምንም ብሎ ነገር የለም፣ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።»

ፈንዲሻ ሳቀችም፣ አለቀሰችም፣ በአንድ ጊዜ።

«አንሶላው አንሶላ ነው፣ እሱን አላነሳም» ቀጠለች እታለም። «ባላየሁት ነገር ላይ ግን ፈርጃለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ቤት ሄጄ ሙሉውን አያለሁ፣ ስልኬን ቤት ትቼ። መምጣት የፈለገ ይምጣ። እመቤት፣ አንቺም።»

«ውይ በሞትኩት! እኔ ነኛ የደወልኩላት!» የሚል ጩኸት ከወዲያኛው ክፍል መጣ። እናቷ በሩን ልትከፍት ስትገፋ ብርድ ልብሱ ያዘባት። በቀዳዳው ግማሽ ፊቷና አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው ሜትሯ ብቻ ታየ። «መቀሴን የት አደረግሽው ብዬ! ለመቀስ! ቆይ፣ ቆይ... ሬዲዮ ላይ ያለው ድምፅ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው እማዬ! የኔ ነው!» ፈንዲሻ አልጋው ላይ ትዘል ጀመር። ሽቦው ተንጫጫ። በዚህ ዝላይዋ ነው እታለም ፈንዲሻ ያለቻት፤ ድስት ላይ የተቀመጠች ይመስል። ጠበቃ ግን አልዘለለችም። የጻፈችውን ቃል በቃል አጥፍታ ጨረሰችና፣ በቦታው «ነገ ሁሉም ሰው ሲኒማ ቤት!!!» ብላ ላከች። ከዚያ እሷም ዘለለች።

በማግስቱ ሰልፉ ከሲኒማ ቤቱ በር ጀምሮ ፀጉር ቤቱን አልፎ እስከ ጥጉ ደረሰ። እናቷ ሌሊቱን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ደመና የሚመስሉ ግራጫ ካባዎች ሰፍታላቸዋለች፤ «ጥፋቱ የኔም ነው» ብላ። ከግሩፑ የወጡት ሦስቱ አንገታቸውን ደፍተው መጡ፣ ካባ ተሰጣቸው። እታለም ጥቁር መነጽሯን አድርጋ መሃል ገባች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፣ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ።

የደረጃው ትዕይንት ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ ጠፋ። ነጎድጓዲት በመጨረሻ ዝም ስትል ማንም አላፏጨም። ማንም! ወንበዴው ሲወድቅ ግን የሲኒማ ቤቱ ጣሪያ ሊነሳ ደረሰ። ካባዎች ወደ ላይ ተወረወሩ። እታለም መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እየጠረገች «ሰባት» አለች። «አንሶላው ባይኖር ስምንት እሰጠው ነበር።»

«ሰባት!!!» አለ አዳራሹ።

ውጪ ሁሉም ፎቶ ሊነሳ ሲጋፋ ፈንዲሻ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ጉንጯ ከሳቅ ብዛት አሟታል። ረጅሙ ከሰዉ መሃል ወጥቶ ፊቷ ቆመ። ካባ አልለበሰም። እጁን ኪሱ ከቷል።

«ላንቺ ብዬ አልዋሽም» አለ። «አሁንም አልወደድኩትም።»

ጠበቃ ከሩቅ ሰምታ እጅጌዋን እየሰበሰበች መጣች። «ይሄ ልጅ አሁንም አፍ አለው?»

ፈንዲሻ በእጇ አስቆመቻት። «ሙሉውን አይተሃል?» አለችው።

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ደረጃውንም።» አንገቱን አከከ። «ግን ልጁ ለምን በነጋታው አልነገራትም? ጆሮዬ ጠፋ ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ብሆን... አላውቅም። ያናድዳል። ያልተዋጠልኝ ብዙ ነገር አለ።»

መልስ ነበራት። ኧረ ሦስት መልስ ነበራት፣ ሦስቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፈዋል። እነ ጠበቃ ደግሞ «ፈንዲሻ፣ ነይ! ፎቶው!» እያሉ ይጠሯታል።

«ያለ እኔ ተነሱ!» አለቻቸው። ካባዋን ሰብስባ ጠጋ አለችለት።

«ቁጭ በል» አለችው። «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።»