ሰባተኛ ፎቅ ያለችው

«ፈጠራ ነው» የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ ዝለሉት፣ አልቀየማችሁም። እኔ ግን የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ነገሩ የሆነው ዛሬ ነው። እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እናንተ በእንደዚህ ዓይነት ታሪክ የምትጠብቁት ጨለማና ነጎድጓድ የለም።

እኔ የነበርኩት ባሌ የሚሠራበት ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ብቻዬን።

ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ነበር...

መጀመሪያ ስለ ባሌ ልንገራችሁ፣ አለዚያ አይገባችሁም።

ባሌን ሰፈሩ «አጥፉ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሰው ቤት ተጋብዞ ሄዶ እንኳ «ያ መብራት ለማን ነው የበራው? አጥፉት እንጂ!» የሚል ጉደኛ ነው። እንጀራውም ይኸው ነው። ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ መብራቱን፣ ማሞቂያውን፣ አየሩን በራሱ የሚቆጣጠር ሲስተም ይገጥማል። ኮርኒሱ ላይ ትንንሽ ዓይኖች አሉ፣ ሴንሰር ይሏቸዋል። ሰው ሲገባ ያዩታል፤ መብራቱ ይበራል፣ ክፍሉ ይሞቃል። ሰው ሲወጣ ሁሉም ነገር ድርግም። ኤሌክትሪክ የሚቆጠበው እንዲህ ነው።

ታዲያ ማንኛውንም ነገር ሕንፃ ላይ ከመግጠሙ በፊት የሚሞክረው ቤታችን ላይ ነው። የሚሞከርባት ደግሞ እኔ!

እኔ ብርዳም ነኝ። በበጋም በክረምትም እግሬ በረዶ ነው። ደብዘዝ ያለ መብራት ደስ ይለኛል። መጋረጃ ግማሽ ድረስ ብቻ ሲከፈት እወዳለሁ። ሲስተሙ ይህን ሁሉ እየቆየ ለመደው። ገና ቁጭ ከማለቴ ክፍሉ እኔ እንደምወደው ይሆንልኛል።

«ሰው ምን እንደሚመስል የተማረው ካንቺ ነው» ይለኝ ነበር አጥፉ።

ሙገሳ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ሞኟ! ቤታችንንና ሕንፃውን ደግሞ ለሙከራ ብሎ በአንድ ሲስተም አገናኝቷቸው፣ ዛሬ እለያቸዋለሁ ነገ እለያቸዋለሁ ሲል ሳይለያቸው ቀረ።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። በአንድ ሰሞን የሳሎናችን መብራት እምቢ አልጠፋም አለ። ለካ መጋረጃው በነፋስ ሲወዛወዝ ሲስተሙ ሰው እየመሰለው ነው። አጥፉ ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ስክሪን ነካ ነካ አደረገና «ሰው አይደለም» የሚለውን ተጫነ። አለቀ። ከዚያ ወዲህ መጋረጃው እስክስታ ቢወርድ እንኳ ሲስተሙ ዞር ብሎ አያየውም።

«ተሳስተህ ቢሆንስ?» አልኩት። «ሰው ሆኖ ቢገኝስ?»

«መብራቱ ካልበራ ሰው የለም ማለት ነው። በቃ!»

ይህችን ቃሉን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ቅናቴ ልምጣ። አዎ፣ ቀናተኛ ነኝ፣ ምን ይደበቃል። አጥፉ ዜና ሲያይ አንባቢዋ ቆንጆ ከሆነች ጣቢያ እቀይራለሁ። እህቴ «አንቺ እኮ ሐኪሟ ሴት ብትሆን ሳል ይዞት እንኳ አታሳክሚውም» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ባል የሷ አይደለም።

አዲሱ ሕንፃ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አጥፉ ሌላ ሰው ሆነ። ስልኩን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ለብቻው ፈገግ ይላል። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቶ ከባልደረባው ጋር በስልክ ሲንሾካሾክ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ሰባተኛ ፎቅ ያለችው ዛሬም አልወጣችም...» ይላል። «ሞቅ ሲል ነው የምትወደው... መብራቱም ደብዘዝ... አይ ተዋት፣ እኔ ለምጃታለሁ።»

ለምጃታለሁ!

ደሜ ፈላ። በሩን በርግጄ ገባሁ።

«ማናት?»

«ማን?»

«ሰባተኛ ፎቅ ያለችው!»

ሳቀ። «ኧረ አንቺ ሴትዮ... ፎቁ እኮ ገና አልተከራየም። ወንበር እንኳ አልገባበትም።»

«ታዲያ ሙቀት የምትወደው ማናት? ግድግዳው?»

ሳቁን አቆመ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሱን እኔም አላወቅሁም። ሲስተሙ ሰው አለ ይላል... ወጥቼ አያለሁ... የለም።»

«ሞኝህን ፈልግ!» አልኩት። የሰው ቤት አምፖል የሚያንገበግበው ሰው ለባዶ ክፍል ማሞቂያ ሲያበራ ይውላል? እኔ በሞትኩ! ይህ ሰው ካልወደደ በቀር ኤሌክትሪክ አያባክንም።

እንግዲህ ዛሬ ከምሳ በኋላ ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰ። ሽቶ ረጨ።

«ሕንፃው ጋ ትንሽ ሥራ አለችኝ፣ መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ሽቶው ለማን ነው? ለሴንሰሩ? ትንሽ ቆየት ብዬ ተከተልኩት።

የሕንፃው በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ጥበቃ ያውቁኛል። ሁሌም «ልጄ» ብለው ነው የሚቀበሉኝ። ዛሬ ግን ሲያዩኝ ግራ ተጋቡ።

«እንዴ ልጄ... ቅድም ገብተሽ አልነበር?»

«አሁን መምጣቴ ነው አባባ።»

«ከባለቤትሽ ጋር... ሰላም ብለሽኝ አለፍሽ እኮ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይዟት ገብቷል! በጠራራ ፀሐይ፣ እኔን የምትመስል ሴት ፈልጎ ይዞ ገብቷል!

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ቤዝመንት ነው። ከዚህ በፊት አምጥቶ ስላሳየኝ መንገዱ አልጠፋኝም። ስገባ መብራቱ ቦግ አለልኝ። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ አለ፣ እሱ የለም።

ትልቁ ስክሪን ላይ ሕንፃው በሙሉ ግራጫ ነው። ግራጫ ማለት ባዶ ማለት ነው። ቤዝመንቱ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አለች። እሷ እኔ ነኝ።

ሰባተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ...

ሁለት ነጥብ። ጎን ለጎን።

ስክሪኑ ላይ ክፍሉን ነካሁት። ሙቀቱ እኔ የምወደው ሙቀት ነው። መብራቱ ደብዘዝ ብሏል። መጋረጃው ግማሽ ድረስ ተከፍቷል።

ጭራሽ የኔን ልማድ አስተምሯታል!

ደወልኩለት። ቶሎ አላነሳም። ሲያነሳም በሹክሹክታ ነው።

«ሃሎ...»

«የት ነህ?»

«ሥራ ላይ... አንቺ... ማን ልበል?»

«ማን ልበል? ሚስትህ ነኛ!»

ትንፋሹ ይሰማኛል።

«የት ሆነሽ ነው የምትደውዪው?»

«ቤት» ብዬ ዋሸሁ።

ከጀርባው አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ። እህ... እህ...

«ማናት እሷ?!»

«እንዴት ቤት ትሆኛለሽ...» አለ አጥፉ። «እዚህ አጠገቤ...»

ስልኩ ተቋረጠ።

ሰው ብሆን እዚህ ጋ መሮጥ ነበረብኝ። ቅናት ግን ዓይኔን ጋርዶታል። «አጠገቤ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው የሰማሁት። አጠገቡ ናት!

ከሁለቱ ነጥቦች በአንዱ ላይ የአጥፉ የሥራ መታወቂያ ምልክት አለ። በሌላው ላይ ምንም የለም። ምልክት የሌላትን ነካኋት።

«ሰው አይደለም» የሚል መጣ።

ተጫንኩት።

«ለዛሬ ወይስ ለሁልጊዜ?» አለ ስክሪኑ።

«ለሁልጊዜ!» ብዬ ጮህኩ። ጣቴ እስኪያመኝ ተጫንኩት። በብርድ ድርቅ በይ! እሰይ! ጨለማ ውስጥ ተደናበሪ!

ስክሪኑ ትንሽ ቆየ...

መብራቱ ጠፋ።

ሰባተኛ ፎቅ አይደለም። እኔ ያለሁበት።

እጄን አወዛወዝኩ። ዘለልኩ። ኮርኒሱ ላይ ያለችው ዓይን ስር ሄጄ አጨበጨብኩ። ምንም። ማሞቂያው ጭጭ አለ። ስክሪኑ ብቻ በጨለማው ውስጥ ያበራል።

ቤዝመንቱ ግራጫ ሆኗል። ባዶ።

ሰባተኛ ፎቅ ሁለቱም ነጥቦች እንዳሉ ናቸው።

የነካሁት እሷን ነው። እናቴ ትሙት፣ እሷን ነው! ለሲስተሙ ግን እሷና እኔ አንድ ነን። የምንወደው ሙቀት አንድ፣ መብራታችን አንድ፣ መጋረጃችን አንድ። አንዳችን ሰው እንዳልሆንን ነገርኩት፣ እሱም ከሁለታችን መረጠ።

እሷን መረጠ።

ታምኑኛላችሁ? ከፍርሃት በፊት የተሰማኝ ቅናት ነው። ብረቱም ሳይቀር እሷን መረጠ!

በስልኬ መብራት እየተደናበርኩ በደረጃው ወጣሁ። መግቢያው አዳራሽ ስደርስ ከላይ ኮቴ ሰማሁ። ደረጃው ከላይ ወደ ታች ፎቅ በፎቅ እየበራ መጣ። ከዓምዱ ጀርባ ተሸጎጥኩ።

አጥፉ ነው። ብቻውን።

ብቻውን ነው! እፎይ ልል ስል መብራቱን አየሁት።

ያ ሲስተም ሰው እንዳለፈ ወዲያው ነው የሚያጠፋው፣ ፋታ አይሰጥም። ከአጥፉ ኋላ ያለው መብራት ግን አይጠፋም። ጥቂት ይቆያል። ሌላ ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል... ከዚያ ይጠፋል።

«ቀስ እያልሽ ውረጂ፣ እንዳያዳልጥሽ» አለ አጥፉ፣ ዞር ሳይል።

ለኔ አንድም ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም! በቁሜ አረርኩ።

የመውጫው የመስታወት በር ሰው ሲቀርበው በራሱ ይከፈታል። ተከፈተላቸው። ተከትዬ ሮጥኩ። ፊቴ ላይ ተዘጋ። ደበደብኩት። ጥበቃው ዞር ብለው ወደ ጨለማው አዳራሽ አጮለቁ፣ ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

በመኪና ማቆሚያው በኩል፣ በእጅ የሚገፋውን በር ገፍቼ ወጣሁ። ከዚያ ቤቴ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ። በፍርሃት እንዳይመስላችሁ፣ በንዴት ነው።

ስደርስ ፀሐይዋ እየገባች ነበር። በቁልፌ ከፈትኩ። ኮሪደሩ አልበራም። ወለሉ ይቀዘቅዛል። ከመኝታ ቤታችን በር ስር ግን ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይታያል።

ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ስክሪን አየሁ።

«ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አለ።»

ልቤ መለስ አለ። ሁለት። እሱና እኔ! ተመስገን፣ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል።

ከዚያ አንድ ነገር ከነከነኝ...

ወደ ውጭ ወጣሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ በክፍተቱ ስክሪኗን አየሁ።

ሁለት ሰው።

ገባሁ።

ሁለት ሰው።

መኝታ ቤቱ ውስጥ አጥፉ ያወራል። በተጋባን ሰሞን እንደነበረው ለስልሷል።

«አሁንስ ሞቀሽ?»

እህ... እህ... ጉሮሮዋን ጠረገች።

ያን ድምፅ ያን ጊዜ ነው የለየሁት። ሳፍር ጉሮሮዬን እንደዚያ የምጠርገው እኔ ነኝ። ካገባኝ ጀምሮ የሚስቅብኝ በዚያ ነው።

አንኳኳሁ።

«ሰማሽ?» አለ አጥፉ በሹክሹክታ።

«ምን?»

«የሆነ ሰው...»

በሩ ተከፈተ። አጥፉ ደፍ ላይ ቆመ። እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ፣ ግን እጄ አልታዘዘኝም።

«እኔ ነኝ...» አልኩት። ድምፄ ሰለለ። «እኔ ነኝ እኮ...»

ግንባሩን ቋጠረ። እኔ ወዳለሁበት ቀጥ ብሎ አየ። አየኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ ኮርኒሱ ላይ ያለችውን ትንሽ ዓይን ተመለከተ።

መብራቱ አልበራም።

ፊቱ ፈታ አለ።

«ማንም የለም» አለ ወደ ውስጥ ዞሮ።

«መጋረጃው ይሆናላ» አለች፣ በኔ ድምፅ። «ና ግባ፣ ብርድ እያስገባህብኝ ነው።»

በሩ ተዘጋ።

ይህን የምጽፍላችሁ እዚሁ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ነው። እግሬ በብርድ ደንዝዟል። ለእህቴ እደውላለሁ፣ ታነሳና «ሃሎ... ሃሎ...» ብላ ትዘጋዋለች። እናንተ ይህን ማንበብ ከቻላችሁ እባካችሁ አንድ ቃል ጻፉልኝ።

አጥፉ አሁን ያንኮራፋል፣ እሰማዋለሁ።

ከበሩ ስር ባለው ብርሃን ላይ ግን ሁለት እግሮች መጥተው ቆመዋል። የኔን ነጠላ ጫማ አድርገዋል። ከመጡ ቆይተዋል፣ ንቅንቅ አላሉም...

ጣቶቻቸው የዞሩት ወደኔ ነው።