ያልጮኸው ማንቂያ

ኢንስፔክተር አየለች ዱጋሳ እንጉዳይ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ አስከሬኑ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ሳጅን ጂራ ነጠላውን ገለጥ አደረገላት። ሟቿ ወይዘሮ እንግዳወርቅ ወልደሰንበት ይባላሉ፤ የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። በአምቦ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርተው፣ አምና ጡረታ ወጥተው፣ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ባለው ግቢያቸው እንጉዳይ ያለሙ ነበር።

አየለች ጎንበስ ብላ ፊታቸውን አየች። ምንም አልተሰማትም። በአሥራ አራት ዓመት የምርመራ ሥራ ከየትኛው ሬሳ በኋላ እንደሆነ ባታውቀውም፣ ከአንዱ በኋላ መደንገጡም ማዘኑም ትቷት ሄዷል። የቀራት ማየት ብቻ ነበር፤ ማየቱን ግን ታውቅበታለች።

«ከሰል ነው» አለ ጂራ። «በሩ ዝግ ነበር፤ ምድጃው ውስጥ ነው ያለው። ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል።»

እንጉዳይ ቤቱ ግማሹ ከመሬት በታች የተቆፈረ፣ ግድግዳው በላስቲክ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው። ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ከረጢቶች ተደርድረው ነጫጭ እንጉዳይ አውጥተዋል። አየለች ክፍሉ እስኪናፈስ ቆይታ ገባች። ምድጃው ላይ ባትሪዋን አበራች፤ በብዕሯ ጫፍ ከሰሉን ገለበጠችው። ላዩ ስስ አመድ ለብሷል፣ ውስጡ ጥቁር ነው። ምድጃው እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ሰው የገደለ ከሰል ይህን ያህል ይተርፋል?» አለች።

ጂራ ጎንበስ ብሎ ምድጃውን አየ።

«ደግሞ ከሰል የገደለው ሰው ፊቱ ቀላ ይላል። የእሳቸውን ተመልከት፤ አመድ መስሏል።»

ግድግዳው ላይ አንዲት የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ በሽቦ ታስራለች። በክዳኗ ቀዳዳ ትንንሽ ሽቦዎችና አንዲት የጠፋች መብራት ይታያሉ።

ልጃቸው ማኅሌት ውጭ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ ጊንጪ በአንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አላለቀሰችም።

«አንቺ ነሽ ያገኘሻቸው?»

«እኔ ነኝ። ከሥራ ስመለስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ጎትቼ አወጣኋት፤ ራሴን አዞረኝ። ከዚያ ለፖሊስ እየደወልኩ ያንን መሣሪያ ከሶኬቱ ነቀልኩት።»

«ለምን ነቀልሽው?»

«መብራቱ ሁሉም ደህና ነው እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። አልቻልኩም።» የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ትመስል ነበር። «እማዬ ናት የሠራችው። በስልኳ በቪዲዮ ትምህርት ተምራ። ማይክሮኮንትሮለር ይባላል፤ ፕሮግራም ጽፈሽ ትጭኚበታለሽ። አየሩንና ሙቀቱን ይለካል፣ በየደቂቃው ሚሞሪ ካርድ ላይ ይመዘግባል። መጥፎ አየር ሲበዛ ይጮኻል።»

«ዛሬ አልጮኸም። ተበላሽቶ ነበር?»

«ጠዋት ጮኾ ነበር። በየጠዋቱ ትተነፍስበታለች፤ ትንፋሿ ሲደርሰው ይጮኻል፣ እሷ ትስቃለች። ዛሬም ስቃለች።»

ጂራ የተደወለበትን ሰዓት ከመዝገቡ አየ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነው።

«ትምህርቱን ከማን ጋር ነበር የሚማሩት?»

«ሦስት ነን፤ እሷ፣ እኔና መምህር ኢዮሲያስ። ፕሮግራሙን ስንጨርስ ፊዚካል ኬሚስትሪ ጀመርን። ሠላሳ ሦስት ዓመት ብርጭቆ ሳጥብ ኖሬ ውስጡ ምን እንደሚሆን ሳላውቅ ልሙት እንዴ አለች።»

በማግስቱ ጠዋት አየለች ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ድራፍት ቤት ሄደች። ባለቤቱ ኦቦ ጉተማ ወንበር እያወረዱ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንስፔክተር!» ብለው ተቀበሏት። አየለችም በኦሮምኛ መለሰችላቸውና ተቀመጠች።

«ከወይዘሮ እንግዳወርቅ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«በሙዚቃዬ ነዋ! ቪዲዮው አልሰማ አለኝ፣ ቀንስልኝ ይሉኛል። እቀንሳለሁ፤ ጠጪው ደግሞ ጨምር ይለኛል። አዴ እንግዳወርቅን በዚህ እጠላለሁ? ጥርሴን ሲያመኝ መድኃኒት የሚያመጡልኝ እሳቸው ነበሩ።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፤ ቤቱ ሙሉ ነበር። ደግሞ የተናደድኩበት ቀን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድራፍቱ አልወርድ አለ። ጓሮ ብሄድ ሲሊንደሩ ባዶ! በዋዜማው ነው ሙሉውን ያስመጣሁት። ሰው ሁሉ ፊት ጮኽኩ።»

አየለች መጻፏን አቆመች። «ምን ጋዝ ነው?»

«ድራፍቱን የሚገፋው ነዋ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ አልጠፋም። የጠፋው ኔትወርክ ነው። ከስምንት ሰዓት እስከ ምሽት በከተማው ዳታ የሚባል አልነበረም። በስልካቸው ኳስ የሚያዩት ሁሉ ሲሳደቡ ዋሉ።»

ሲሊንደሩ ጓሮ፣ አጥሩ ሥር ቆሟል። ወደዚያ ጓሮ ከኋላ ባለው ቀጭን መንገድ ማንም ይገባል። አየለች በአጥሩ ክፍተት አጮልቃ አየች። የእንጉዳይ ቤቱ አየር ማስገቢያ ቧንቧ ከእጇ አንድ ክንድ አይርቅም። አፉ ላይ ትኩስ የፕላስተር ሙጫ ተጣብቆበታል።

መምህር ኢዮሲያስን ያገኘችው በትምህርት ቤቱ የመምህራን ክፍል ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ በቅርቡ በማስተርስ ዲግሪው ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተመርጦ ሊሄድ ነው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«እጅዎ ምን ሆነ?»

«ማንቆርቆሪያ አቃጠለኝ።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ቤቴ። ስለ ጋዞች የሚሰጥ ትምህርት ነበር፣ በቀጥታ የሚተላለፍ። እሱን እያየሁ አመሸሁ።»

«ወይዘሮ እንግዳወርቅን ከመቼ ጀምሮ ያውቋቸዋል?»

«ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ። ቤተ ሙከራውን የሚከፍቱልኝ እትዬ እንግዳ ነበሩ።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ያ ማንቂያ ሳምንት ሆኖታል ከተበላሸ። ያሠሩት ብያቸው ነበር።»

አየለች አመስግናው ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ተኩል የሟቿ ወንበር ላይ ተቀምጣ አሳለፈችው። ግድግዳው ላይ በአምቦ የቀድሞ ስም «ሀገረ ሕይወት» የሚል ማኅተም ያረፈበት የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤያቸው በመስታወት ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑና አንድ ወፍራም ደብተር አለ። አየለች ኬሚስትሪ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ነክታ አታውቅም። ወይዘሮዋ ያወረዷቸውን ቪዲዮዎች ከመጀመሪያው አንስታ አየች፤ ያልገባትን ከደብተሩ ታነባለች። ጽሕፈቱ ክብ ክብ፣ ቃሉ ቀላል ነው። «ጋዝ ከጠበበበት ዕቃ በኃይል ሲወጣ ይበርዳል። ሙቀቱን ራሱ ይበላዋል» ይላል አንዱ ገጽ። ከጎኑ «ደስ ይላል!» ተብሎ ተጽፏል።

አየለች ያንን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደስታቸው እንዴት ያለ እንደነበር ለማሰብ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ሚሞሪ ካርዱን ከፈተች።

በሠልስቱ ዕለት፣ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ፣ ሦስቱንም ወደዚያች ክፍል ጠራቻቸው። ማኅሌት በጥቁር ልብስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ኦቦ ጉተማ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ኢዮሲያስ መስኮቱ ሥር ቆመ። ጂራ በሩን ዘግቶ ተደገፈው።

«ወይዘሮ እንግዳወርቅን የገደላቸው ከሰል አይደለም» ብላ ጀመረች አየለች። «መሣሪያቸው ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ሁሉ በየደቂቃው ጽፎታል። ከሰል ነድዶ ቢሆን ሙቀቱ ይጨምር ነበር። የተጻፈው ግን ሌላ ነው። መጥፎው አየር ድንገት ጨመረ፤ በዚያው ደቂቃ ሙቀቱ ወረደ። አየሩን እያበላሸ የሚበርድ ምንድን ነው? ከሲሊንደር የሚወጣ ጋዝ ነው።»

ኦቦ ጉተማ ቀና አሉ። «የኔ ሲሊንደር?»

«የእርስዎ። በአየር ማስገቢያው ቧንቧ ነው የገባው፤ ቱቦ በፕላስተር ተጣብቆበት ነበር፣ ሙጫው አሁንም አለ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከመሬት በታች ያለው ክፍል እንደ ጉድጓድ ይሞላበታል። ከሰሉ ኋላ ነው የመጣው፣ ሰው እንዲታለል። እሳት ደግሞ በዚያ ጋዝ ውስጥ አይነድም። ለዚህ ነው ምድጃው እንደሞላ የጠፋው።»

«እኔ ግን እምላለሁ...»

«አይማሉ፣ ኦቦ ጉተማ። ጥፋተኛ ቢሆኑ ሲሊንደሬ ባዶ ሆነ ብለው ሰው ፊት አይጮኹም። ከዚያም በላይ ማንቂያው አለ። ጠዋት የጮኸ ማንቂያ ማታ ዝም ያለው ተበላሽቶ አይደለም። ውስጡ ያለውን ፕሮግራም አየሁት። ልኩ ከሦስት ሺህ ሲያልፍ ጩኽ ይል ነበር። አሁን ሠላሳ ሺህ ይላል። አንድ ዜሮ ተጨምራለች። መለኪያው ራሱ ከአሥር ሺህ በላይ አያነብም፤ ስለዚህ መቼም አይጮኽም።»

«ላፕቶፕ መክፈት እንኳ አላውቅም» አሉ ኦቦ ጉተማ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ። የሚያውቁት ሁለት ናቸው።» አየለች ወደ ማኅሌት ዞረች። «መሣሪያው ሰዓት የለውም፤ ደቂቃ ብቻ ይቆጥራል። መብራት ሲጠፋ ወይም አዲስ ፕሮግራም ሲጫንበት ቆጠራውን ከአንድ ይጀምራል። አንቺ ስትነቅይው መቶ ዘጠና ላይ ደርሶ ነበር። ያ ማለት ከዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ጀምሯል። መብራት አልጠፋም። ስለዚህ አዲሱ ፕሮግራም የተጫነው ያን ጊዜ ነው፤ ላፕቶፑም ከዚያ በፊት በሁለት ደቂቃ ፋይሉ መለወጡን ይመሰክራል። እናትሽ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለቅሶ ቤት ነበሩ። አንቺ ጊንጪ ቢሮሽ ነበርሽ፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ የፈረምሽበትን ደብዳቤ አይቻለሁ።»

ሁሉም ወደ መስኮቱ ተመለከቱ።

«እኔ ቤቴ ነበርኩ» አለ ኢዮሲያስ። «ነግሬዎታለሁ።»

«በቀጥታ የሚተላለፍ ትምህርት እያዩ፣ ዳታ በሌለበት ከሰዓት። ማንቂያው ሳምንት ሆኖታል ከተበላሸ ያሉኝም እርስዎ ነዎት። እጅዎን በጤና ጣቢያ ያከመዎትንም ሰው ዛሬ ጠዋት ጠይቄዋለሁ። ቃጠሎ ነው ግን የእሳት አይደለም አለኝ። ጋዙ ሲወጣ የሲሊንደሩ አፍ በረዶ ይሠራል። በባዶ እጅ የያዘው ሰው ቆዳው ይላጣል።»

«ለምን እገድላቸዋለሁ? እንደ እናቴ ናቸው።»

አየለች ደብተሩን ከመጨረሻው ገጽ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከኢዮሲያስ የመመረቂያ ጽሑፍ የተገለበጠ ሰንጠረዥ ነበር፤ በየሙቀቱ መጠን ኬሚካላዊ ምላሹ ምን ያህል እንደፈጠነ የሚያሳይ። ከሥሩ ወይዘሮዋ ራሳቸው አስልተዋል። ከዚያም እንዲህ ጽፈዋል፦ «ቁጥሮቹ ከልክ በላይ ያምራሉ። የውኃ ማሞቂያችን በ2011 ተቃጥሏል። ይህ ሙከራ በ2012 በምን ተሠራ? ኢዮሲን ልጠይቀው።»

«ቁጥሮቹ የፈጠራ መሆናቸውን ደረሱበት። ጠየቁዎት?» አለች አየለች።

«ጠየቁኝ።»

«ምን አሉ?»

ኢዮሲያስ ፋሻውን ይመለከት ነበር። «ለማንም አልናገርም አሉኝ። ማሞቂያ ከየትም ብለን እንፈልጋለን፣ ሙከራውን አብረን እንሥራው፣ ብርጭቆውን እኔ አጥባለሁ አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«ያውቁ ነበር» አለ። «በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጠው ቪዲዮ እያዩ፣ እየሳቁ... ያውቁ ነበር። ሌላ ምንም የለም።»

«እሳት በዚያ ጋዝ እንደማይነድ የኬሚስትሪ መምህር እንዴት ይረሳል?»

«አልረሳሁትም። በሩን ከፍቼ ወድቀው ሳያቸው ሁሉም ነገር ጠፋብኝ።»

ኦቦ ጉተማ «ያ ዋቃ!» ብለው ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። ጂራ ካቴናውን አውጥቶ ቀረበ። ፋሻውን እንዳይነካበት ተጠንቅቆ አሰረው።

ማኅሌት ያን ጊዜ ተነሣች። አልጮኸችም። ድምፅዋ ስለ ዋጋ የምትጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

«እማዬ ስትገባ የት ነበርክ?»

«አጥሩ ጋ።»

«ምን አለች?»

«ውኃ ሲረጩ ከረጢቶቹን ይቆጥራሉ። አንድ፣ ሁለት እያሉ። እሰማቸው ነበር። ሰባት ሲሉ ሰማሁ። ስምንትን አላሉም።»

ጂራ ይዞት ወጣ። ኦቦ ጉተማ ተከትለዋቸው ወጥተው፣ ወደ ድራፍት ቤታቸው ሳይገቡ ድንኳኑ ውስጥ ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ቤታቸውን አልከፈቱም።

አየለች ማስታወሻዋን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሥራዋ አልቋል፤ መሄድ ነበረባት። ማኅሌት አልጋው ጫፍ ላይ ተመልሳ ተቀምጣ መዳፎቿን ትመለከታለች።

«ኢንስፔክተር፣ ሦስት ቀኔ ነው» አለች። «ሰው ያለቅሳል፣ እኔ አያለሁ። አሁንም የሰማሁት ሁሉ አልነካኝም። መቼ ነው የሚያመኝ?»

አየለች የሚባለውን ታውቃለች፤ ለብዙ ቤተሰብ ብላዋለች። ያን ቀን ግን ከአፏ አልወጣም።

«አላውቅም» አለቻት።

ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግታ አጠገቧ ተቀመጠች። ውጭ ድንኳን አፍራሾቹ መጥተው ብረቱን እየነቀሉ ይጥላሉ። ሁለቱም ድምፁን ሰሙት፤ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አልተነሣም።