ጫፍ የሌለው ክር

ዶክተር አብዱልከሪም ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ጣና ዳር ባለው የአባቱ ቤት፣ ከሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሰገነት ስትደርስ መግሪብ ተሰግዷል። ሬሳው በጎኑ እንደወደቀ ነው፤ ጭንቅላቱ ወደ ጓሮ ከሚያስወጣው በር የሲሚንቶ ደፍ ተላትሞ ደሙ ረግቷል። ከሬሳው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የበር ያህል ጣውላ ተሰቅሏል። ጥቁርና ነጭ ምስማር በረድፍ በረድፍ ተመትቶበታል፤ በነጮቹ ላይ ቀይ ክር እየዞረ ይሄዳል። ሰገነት በሥራ ዘመኗ ስንት ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ጣውላ ግን አላጋጠማትም።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች።

«ፊዚክስ ነው አሉ» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

«ፊዚክስ ምስማር ይፈልጋል እንዴ?»

«እንጃ። ብቻ ገዳዩ ተይዟል።»

የተያዘው ግሩም ነው፤ የሟቹ ተማሪ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ የተቃረበ ልጅ። ሬሳውን አቅፎ፣ እጁ በደም ተነክሮ ነው የተገኘው። ሐሙስ ዕለት ከመምህሩ ጋር ሲጨቃጨቅ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሁሉ ሰምቶታል። እንዲህ ያለ ነገር ለፖሊስ የተቆረሰ እንጀራ ነው፤ ማጉረስ ብቻ ይቀራል። ሰገነት ግን በተፈጥሮዋ የቀረበላትን ሁሉ አትጎርስም።

የሟቹ ሚስት ሀኒያ ሳሎን ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ እንባ እንኳ ገና አልደረሰላትም።

«ዐስር ሰግዶ ክፍሉ ገባ» አለች። «ዶክተር አምባቸው መጥተው ነበር። አብረው ነው የሚያስተምሩ። ብዙም ሳይቆዩ በዋናው በር ተሰናብተውኝ ሄዱ። ከዚያ መዶሻው ጀመረ።»

«የማን መዶሻ?»

«የእሱ ነዋ። አብዱ ሲያስብ ምስማር ይመታል፤ ያወጣል፣ መልሶ ይመታል። መዶሻው እየተሰማ ያን በር ማንም አያንኳኳም፤ እንግዳ ቢመጣ፣ ምግብ ቢቀርብ፣ አናንኳኳም። ከተጋባን ጀምሮ የቤታችን ሕግ ነው። ሲያበቃ ራሱ ይወጣል።»

«ዛሬስ ብዙ መታ?»

«ብዙ። መግሪብ እስኪቃረብ ድረስ። ከጎረቤቴ ጋር እዚችው ተቀምጠን ‹አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሥራው ቀንቶታል› አልኋት። ከዚያ ዝም አለ። ወዲያው ግሩም መጣ፤ ከፈትሁለት። ገብቶ ትንሽ እንደቆየ ጮኸ።» ሻሿን ወደ አፏ አስጠጋች። «ወላሂ፣ መጽናኛ ብዬ የያዝሁት ይቺን ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው የሚወደውን ሲሠራ ነበር። ድምፁን እየሰማሁት ነበር።»

ሰገነት ውጭ ወጥታ ለኮማንደሩ ደወለች።

«መዶሻው እስኪቆም ሰውየው በሕይወት ነበረ» አላት ኮማንደሩ። «ሲቆም የገባው ግሩም ብቻ ነው። ምን ቀረሽ? ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ጌታዬ፣ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው።»

«ሰኞ» አለና ዘጋው።

ሬሳው ሲነሣ ከጎድኑ ሥር አንዲት ጥቁር ዶቃ ተገኘች። በቀዳዳዋ የተበጠሰ ቀይ ክር ታስሯል። ሰገነት ወስዳ ለሀኒያ አሳየቻት።

«ከአባቱ ተስቢህ፣ ከጸሎት መቁጠሪያው፣ የወጣች ናት» አለች ሀኒያ። «ትናንት ከክሩ ጫፍ አሰራት፤ ‹ጫፉ እንዳይጠፋብኝ› ብሎ። ሕፃን መጫወቻ እንዳገኘ ነበር ያደረገው።»

ሰገነት ወደ ጣውላው ተመልሳ ቀዩን ክር በጣቷ ተከተለችው። ዞረች፣ ዞረች፤ ከተነሣችበት ምስማር ደረሰች። ጫፍ የሚባል ነገር የለውም።

በማግሥቱ ሬሳው ተመርምሮ ለቤተሰቡ ተሰጠ፤ ከቀብር መልስ ሰገነት የሟቹን ታላቅ ወንድም መስዑድን አገኘችው። ከቆላ ድባ እህል እያመጣ የሚነግድ፣ ድምፁ ወፍራም ሰው ነው። ያን ቤት ለእንግዳ ማረፊያ ላድርገው ብሎ ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ እንደነበር አልደበቀም።

«ትናንት ከዐስር በኋላ የት ነበሩ?»

«ጓሮ፣ መጋዘን ውስጥ። ብቻዬን። ወንድሜን ገደልህ ማለትዎ ከሆነ ይበሉ፣ አይፍሩ።»

«ጣውላውን ነክተውት ያውቃሉ?»

መስዑድ ፊቱ ተለወጠ። «አንዴ ላግዝህ ብዬ ክሩን ጠመጠምሁለት። አሥር ቦታ ጫፉን አንጠልጥዬ ተውሁት። እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም» አለ፤ ቀጥሎም እንደ ልጅ አለቀሰ።

ዶክተር አምባቸው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነበር፤ ልብሱ ንጹሕ፣ ንግግሩ የተለካ። ሰገነት የጣውላውን ፎቶ ስልኳ ላይ አሳየችው።

«ትክክል ነው?»

«ፍጹም ትክክል።»

«ክሩ አንድ ቦታ ላይ ጫፍ አልነበረውም?»

«ይህ ክር ድንበር ነው፤ ድንበር ጫፍ የለውም። አብዱልከሪም ጫፍ ትቶ አያውቅም፤ ባለፈው ሳምንትም ትናንትም ያየሁት ይኸንኑ ነው።»

ሰገነት አመስግናው ወደ ጣቢያ ሄደች። ግሩምን ከእስር ክፍል አስወጣችው።

«እናቴ ሰምታለች?» አለ መጀመሪያ።

«ሰምታለች። ውጭ ተቀምጣለች።»

ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሰገነት «ስለ ጣውላው አስረዳኝ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በሚገባኝ አስረዳኝ» አለችው።

«እንግዲያው ጥቁሮቹን ምስማሮች ማሳ በሏቸው» አለ ግሩም። «እያንዳንዱ ወይ ጤፍ ነው፣ ወይ ዳጉሳ። ነጮቹ በማሳዎቹ መገናኛ ላይ ያሉ ናቸው፤ ቀዩ ክር በእነሱ ላይ እየሄደ ጤፉን ከዳጉሳው ይለያል። ማሳውን ካወቁ ድንበሩን መሳል ይችላሉ፤ ድንበሩን ካወቁ ደግሞ ማሳውን። ሁለት ሥዕል ነው፣ የሚናገሩት ግን አንድ ነገር። እኛ ጥንድነት እንለዋለን።»

«ድንበር መቼም መሃል ማሳ ላይ አያልቅም። እኛ አገር፣ ሰባታሚት፣ እንዲያ ያለ ድንበር ብናይ ሰው ተጣልቶ ነው የምንል።»

«ልክ ነው። ወይ ዞሮ ይገጥማል፣ ወይ ከዳር ይወጣል። ዶክተር ግን አንድ ጠማማ ቦታ አገኘ፤ ከጤፍ ተነሥተው ያን ቦታ ዞረው ሲመለሱ ያው ማሳ ዳጉሳ ሆኖ የሚጠብቅዎት። እዚያ ላይ ክሩ ያልቃል። ክሩን ወደፈለጉበት መጎተት ይችላሉ፤ ጫፉን ግን ምንም ቢያደርጉ አያጠፉትም። ዶቃዋን ያሰረው እዚያ ነው።»

«ለማን ነገረው?»

«ለእኔ። ዶክተር አምባቸው ስማቸው የተጠራበት ጽሑፍ ‹ጫፍ የለም› በሚለው ላይ ነው የቆመ፤ የእኔም ሥራ በዚያው ላይ። ‹ከአዲስ እንጀምራለን› ሲለኝ ተቆጣሁ። አዎ፣ ጮኽሁበት። ዓርብ የሄድሁት ይቅርታ ልጠይቀው ነበር።» እጆቹን ገልብጦ አየ። «ሳነሣው ገና ይሞቅ ነበር። እኔን ማን ያምነኛል?»

«ከመሄድህ በፊት የት ነበርህ?»

«ላቦራቶሪ። ተማሪዎች ሳሠራ። ክፍል ሙሉ ሰው ያውቃል፤ የጠየቀኝ ግን የለም።»

እውነት ነው፤ መዶሻው መልስ ሰጥቶ ስለነበር የጠየቀው የለም። ሰገነት ተማሪዎቹን አግኝታ አረጋገጠች፤ ከዚያ የሐኪሙን ውጤት አነበበች። ሟቹ ወዲያው አልሞተም ይላል። ወረቀቱን አጣጥፋ ወንበሯ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀመጠች። ነገሩ ሁሉ ገብቷታል፤ መግባቱ ደግሞ ጠላት። ልጁን ለማውጣት መዶሻው የሟቹ እንዳልነበረ መናገር አለባት። ይህን ስትናገር ሀኒያ የያዘችውን አንድ ነገር ከእጇ ልትነጥቃት ነው። ሌላ መንገድ ፈለገች፤ ዙሪያውን ዞረች፤ የትም ብትሄድ መጨረሻው ያችው ሴት ደጅ ነው። እጅ እግሯ ታሰረ።

እሑድ ረፋድ ላይ ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ውጭ ለቅሶ ደራሹ በዝቶ ሁለተኛ ድንኳን ሊተከል ነው። ሀኒያና መስዑድ አንድ ላይ ተቀመጡ፤ አምባቸው ፊት ለፊታቸው፤ ግሩም እጁ በካቴና ታስሮ በር አጠገብ።

«ሀኒያ፣ እህቴ» አለች ሰገነት፣ «የምናገረውን ባልናገር እወድ ነበር። ይህን ልጅ ያለ ጥፋቱ ላሳስር ግን አልችልም።»

ሀኒያ ቀና አለች። «ይናገሩ።»

«ይቺ ዶቃ ከክሩ ጫፍ ታስራ ነበር። እኔ ያገኘኋት ከዶክተር ጎን ሥር ነው። እንግዲህ ክሩ የተበጠሰው እሱ ከመውደቁ በፊት ነው፤ እሱ የወደቀው ዶቃዋ ላይ ነዋ። ክሩ ሲበጠስ ጣውላውም ሳይወርድ አልቀረም። ግሩም ሲገባ ግን ጣውላው ተሰቅሎ፣ ምስማሩ ተመትቶ፣ ክሩ ተጠምጥሞ ነበር። ጭንቅላቱ የተሰበረ ሰው ተነሥቶ ይህን አይሠራም።»

መስዑድ «ታዲያ መዶሻው…» ብሎ ዋጠው።

«የሌላ ሰው ነው። መዶሻው ሲመታ ግሩም ላቦራቶሪ ነበር። እሱ ቢሆን ደግሞ ጫፉን እንደነበረ በተወው፤ ስለ ጫፉ ያውቃላ። አቶ መስዑድ ክሩን ሲጠመጥሙ አሥር ጫፍ ነው የሚያንጠለጥሉት። ይህን ያሰረው ሰው ግን አንድ ምስማር አልሳተም። ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጫፉ ግን እንዲኖር አልፈለገም። ትናንት ‹አብዱልከሪም ጫፍ ትቶ አያውቅም፤ ዓርብም ያየሁት ይኸንኑ ነው› ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሚስቱም ተማሪውም ከሐሙስ ጀምሮ ጫፉን ያውቁታል።»

ሁሉም ወደ አምባቸው ዞሩ። እሱ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«በዋናው በር ተሰናብተው ወጡ» አለች ሰገነት፣ «በሐይቁ ዳር ዞረው በጓሮው በር ተመለሱ።»

«ላስረዳው ነበር የተመለስሁት» አለ አምባቸው። «ሰኞ በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ እናገራለሁ አለኝ። ዕድሜዬን የሠራሁበት ነገር ነው። ጣውላውን ላወርደው ስል ያዘኝ፤ ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው ያደረግሁት። ከዚያ… መዶሻው እየተሰማ ሰው እንደማይገባ አውቅ ነበር። ጫፉን እንደዚያ ትቼው መሄድ አልቻልሁም።»

ሀኒያ በእርጋታ ወደ እሱ ዞረች። ዘመኗን ሁሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት፣ «ክሩን ስታስር» አለችው፣ «ይተነፍስ ነበር?»

አምባቸው ሰገነትን አያት፤ እንድታድነው የሚለምን ይመስላል።

«ያንኮራፋ ነበር» አለ።

መስዑድ ከመቀመጫው ተወርውሮ ተነሣ፤ ፖሊሶቹ ያዙት። አምባቸውን ወሰዱት። የግሩም ካቴና ተፈታ፤ ልጁ ወደ ሀኒያ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ሰገነት አጠገቧ ተቀመጠች።

«ባንኳኳ ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አለች ሀኒያ።

«አላውቅም፣ እህቴ።»

ይህ ውሸት አልነበረም፤ ሐኪሙም አላወቀውም። ሀኒያ ግን መልሱን የሰማችም አትመስል።

ውጭ ወንዶቹ ድንኳኑን ይተክሉ ጀመር፤ የካስማው መዶሻ ድምፅ ሳሎኑ ድረስ መጣ። ሀኒያ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። ከዚያ ተነሣች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ በኮሪደሩ ሄዳ የሥራ ክፍሉን በር አንኳኳች።