«ሁልጊዜ» በሚለው ዓምድ ሥር

የሩታ አስከሬን እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ በታች ገደል ሥር ተገኘ። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ኪሷ ውስጥ ትምህርት ቤቷ ያደላት መጠይቅ አለ፤ ድብርት የያዛቸውን ወጣቶች የሚለይ ነው። ሃያው ጥያቄ በሙሉ «ሁልጊዜ» ላይ ምልክት ተደርጎበታል።

«ምን ይመረመራል? ራሷን አጠፋች!» አለ የእንጀራ አባቷ ለይኩን።

እናቷ ወለተሥላሴ የኢንስፔክተር አሳየችን እጅ ጨበጠች። «ቄሱ የፖሊስን ቃል እየጠበቁ ነው፣ እህቴ። ራሷን ካጠፋች ፍትሐት የለም አሉኝ። ልጄን እንደ ውሻ ልቅበራት?»

አሳየች ወረቀቱን ይዛ ጉርድ ሾላ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄደች።

«መጠይቁን ገና እየፈተሽነው ነው» አለች ያዘጋጀችው አማካሪ መቅደላዊት። «ተማሪዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ይደግማሉ። መልሱ ከተቀራረበ ይታመናል ማለት ነው።»

«የሩታ የመጀመሪያው ስንት አመጣ?»

«ዝቅተኛ፤ ድብርት የለባትም ማለት ነው። ስለዚህ አልጠራናትም።»

«ሁለተኛውንስ ማን ሰጣት?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለ የሩታ መምህር ፊሊጶስ። «ሐሙስ ሌሎቹ ሲደግሙ ቀርታ ስለነበር ቤት ወስደሽ ሙዪው አልኳት።»

አሳየች የመጀመሪያውን ወረቀት አስመጥታ አነበበች። ገልብጣ ጀርባውንም አየች። ከንፈሯን ነከሰች።

በማግስቱ አማካሪዋን፣ መምህሩን፣ ለይኩንንና ወለተሥላሴን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ሰብስባ ባዶ መጠይቅ አደለቻቸው። «ኑሮ እንዳስጠላው ሰው ሆናችሁ ሙሉ።»

«ይሄ ደግሞ የምን ጨዋታ ነው?» አለ ለይኩን። ቢያጉረመርምም ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰ።

አሳየች ወረቀቱን አየችና መለሰችለት። «አቶ ለይኩን፣ አራተኛውን ያንብቡልን።»

«ጠዋት ስነሣ... ደስ ይለኛል።»

«ዐሥራ አንደኛውን።»

«ነገን በተስፋ...» ድምፁ ሰለለ።

«ሁልጊዜ! ሁልጊዜ! ኑሮ ያስጠላው ሰው እንዲህ ይላል? መቅደላዊት እነዚህን ጥያቄዎች ገልብጣ የደስተኛ ሰው ቃል ያደረገቻቸው ሳያነብ የሚሞላውን ለመያዝ ነው። ፊሊጶስ ይህን ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቹ አስረድቷል፤ ሩታም መጀመሪያ ስትሞላ አልተሳሳተችም። ኪሷ የተገኘውን የሞላው ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ አይቶ ወደ ታች የነዳ ሰው ነው፤ አሁን ከአራታችሁ አንተ ብቻ እንዳደረግከው። ገፍተህ ጣልካት፣ ከዚያ ወረቀቱን ኪሷ ከተትክ!»

«ለምን ብዬ?»

አሳየች የሩታን የመጀመሪያ ወረቀት ገለበጠች። ጀርባው ላይ በእርሳስ ተጽፏል፦ «እኔ ደህና ነኝ። እናቴን ግን ባሏ ይደበድባታል። ለፖሊስ እናገራለሁ ስለው እገድልሻለሁ አለኝ። እባካችሁ ጠርታችሁ ጠይቁኝ።»

ለይኩን አንገቱን ደፋ። በር ላይ ይጠብቁ የነበሩ ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

«ቁጥሩን ብቻ ነበር የደመርነው» አለች መቅደላዊት እያለቀሰች።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ቢገለብጠው!» አሳየች ወደ እናትየው ዞረች። «ለቄሱ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ልጅሽ ፍትሐቷ ይደረግላታል።»

ወለተሥላሴ ወረቀቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«እኔስ» አለች፣ «አንድ ቤት እያደርን መች ጠየቅኳት?»